ያልተለየው አገዳ

መስታወቷ የተሰበረችው ጠዋት ነው።

ከወጥ ቤቱ በስተኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ስንጥቅ ነበረ። ባለፈው ሳምንት ጣት የምታህል ቀጭን መስታወት ስንጥቁ ላይ አጋድሜ ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ ለጥፌያት ነበር። ግድግዳው ባለበት ከቆመ መስታወቷ ትቆያለች፤ ከተንቀሳቀሰ ትሰበራለች። ከዚህ የቀለለ መሣሪያ የለም። የሩዝ አጥሚቱን ድስት ላወርድ ስገባ ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት፤ አንደኛው ስባሪ ከሌላው በጥፍር ስፋት ያህል ዝቅ ብሏል። ድስቱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያስቀመጥኩት መዳፌን ሲያቃጥለኝ ነው።

«አባዬ፣ መስታወቷ ተሰብራለች።»

አባቴ በሩ ላይ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። «መስታወት አይደለች? ትሰበራለች» አለ።

«ማንም አልነካትም።»

«ድመቷስ?»

«ድመቷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቤት አልገባችም።»

ይህን ስናገር የገዛ ድምፄ አስፈራኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የድመቷን መጥፋት ልብ አላልኩትም ነበር። አባቴም ፊቱን አላዞረም። አጥሚቱን ሰጠሁት፤ ሳህኑን በሁለት እጁ ጨብጦ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው እንጂ ወደ አፉ አላነሣውም። ቆይቼ ሳየው ግማሹ ሱሪው ላይ ነበር።

«ምነው?»

«ትኩስ ነው» አለ። አጥሚቱ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

አምስተኛዋ ጨረቃ ከገባች ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ከወንዙ ማዶ ያሉት የመንደራችን የዩንታን ቤቶች ሜዳ ላይ ናቸው፤ የእኛ ረድፍ ግን ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ የተሠራ ነው። ከተራራው ሥር የሚመነጨው ውሃ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፎ ከወጥ ቤታችን ኋላ ያለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይወርዳል። ያደግሁት ቀንም ሌሊትም ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው። ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ እምቢ ያለኝ እሱን አጥቼ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የተማርኩት ስለ አፈርና ስለ ተራራ መንሸራተት ነው፤ ያውም ተራራ በሌለበት ጠፍጣፋ አገር። ከተመለስኩ ወዲህ አንድ መሥሪያ ቤት አልረጋሁም። አለቆቼ ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፤ ጥሩ ትጽፊያለሽ፣ ግን «ምናልባት» ታበዣለሽ። ልክ ናቸው። ያን ቀን ይህ ተራራ ይወርዳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ በወረቀት ላይ የምጽፈው «ምናልባት» ብዬ ነበር። ሆዴ ግን ምናልባት አላለም።

አጥሚቱን ከሱሪው ላይ እየጠረግሁለት ሳለ እትዬ ሞ መጣች። የመንደሩ ኮሚቴ ናት፤ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ጉሮሮዋ ከመጮኽ ብዛት ተዘግቶ እንደ ዳክዬ ነበር የምታወራው።

«ጋሼ ቹ፣ አሁንም እዚሁ ነዎት? ረድፉ በሙሉ ወጥቷል እኮ። ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ ወጥተዋል።»

«ዳክዬዎቹ ዋና ይችላሉ። ምን አስወጣቸው?»

«ቀልዱን ማዶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀጥሉበታል። ፍራሽ አንጥፌልዎታለሁ፤ ከባለ ቶፉው አጠገብ።»

«ያ የአኩሪ አተር አይብ ሻጭ ያንኮራፋል።»

«እርስዎስ? ሚስትዎ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስንት ቀን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና እንዳደረች ለእኔ ነው የነገረችኝ።»

አባቴ ሳቀ። እትዬ ሞ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ከእሱ አልፎ በወጥ ቤቱ በር በኩል ግድግዳው ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አገዳውን ሳልጠይቅ ከቤቴ አልወጣም» አለ አባቴ።

«ታዲያ ይጠይቁታ። ማን ያዝዎት? ለሰው ሁሉ ሲቆጥሩ ኖረው ለራስዎ ሲሆን ነው የሰነፉት?» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «አንቺስ ተምረሻል ይሉሻል። አባት ማሳመን አላስተማሩሽም?»

«እሱን የሚያስተምር ክፍል የለም» አልኳት።

«ስሚኝ፣ ልጄ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንዙ የድልድዩን እግር እየበላው ነው። ከሰዓት በኋላ እንዘጋዋለን። ከዚያ ወዲያ እኔንም ብትጠሪኝ አልመጣም። ልጆች አሉኝ።»

ጭቃውን እየረገጠች ሄደች። ድምፅ ማጉያዋ ከታች ባዶ ለሆኑት ቤቶች «ውጡ» ሲል ይሰማ ነበር።

አባቴ አገዳ ቆጣሪ ነው፤ አባቱም እንደዚያው ነበረ። ሃምሳ የደረቁ ቀጫጭን አገዳዎች በሰማያዊ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣሉ። ሲቆጠር መጀመሪያ አንዱ ይለይና ጠርዝ ላይ ባለችው የነሐስ መደገፊያ ላይ ይጋደማል፤ እሱ እስከ መጨረሻው አይነካም። የቀሩት በእጅ ለሁለት ይከፈላሉ፣ አራት አራት እየተደረጉ ይቆጠራሉ፣ ትራፊው በጣቶች መካከል ይያዛል። ይህ ሲደጋገም አንድ መስመር ይወጣል፤ ወይ ሙሉ፣ ወይ መሃሉ የተቆረጠ። ስድስት መስመር ከታች ወደ ላይ ሲደረደር አንድ ምልክት ይሆናል፤ ምልክቱን አባቴ ከአሮጌው መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ይፈታዋል። ልጅ ሳለሁ «ያ ብቻውን የተኛው ምን ይሠራል?» ስለው «ይቀመጣል» ይለኝ ነበር። «እሱ ካልተቀመጠ የሌሎቹ ቁጥር ልክ አይመጣም።»

ሰው የሚመጣው ሲጨንቀው ነው። አባቴ ግን ቶሎ አይቆጥርም። አንድ ጊዜ አንድ የእንጨት ነጋዴ «ሸሪኬ ይክደኛል ወይ?» ብሎ መጣ። «እሱ የሚያደርገውን እሱን ጠይቀው» አለው አባቴ። «አንተ ምን ልታደርግ ነው የመጣኸው?» ሰውየው ተቆጣ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ በመጨረሻ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። እኔም ለትምህርት ልሄድ ስል «ይሳካልኛል ወይ?» ብዬ ነበር የጀመርኩት። እስኪመሽ ድረስ አለፋኝ። በመጨረሻ የጠየቅሁት «ምን ትቼ ልሂድ?» ብዬ ነው። አገዳው ምን እንደመለሰ ረስቻለሁ። ጥያቄው ግን የትም ብሄድ አብሮኝ ይዞራል።

ሌሎች ሁለት ደንቦች አሉት። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። መልሱ ደግሞ አገዳውን ለከፈለው እጅ ነው፤ ለሌላ ለማንም አይደለም።

እትዬ ሞ ከሄደች በኋላ «እሺ፣ አምጪው» አለኝ።

ደስ ብሎኝ ጨርቁን ፈታሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን የሻይ ጀበና አነሣሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ የተረፈውን ውሃ ለእሱ ላፈስለት ስል እጁን ወደ ጉያው መለሰ።

«አንቺ ክፈይው።»

«እኔ? ቤቱ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ዓይኔ ደክሟል። አንቺ ክፈይ፤ እኔ መስመሩን እሥላለሁ።»

ይህ አዲስ አልነበረም። ከተመለስኩ ወዲህ ደንበኞቹን ሁሉ ራሳቸው እንዲከፍሉ ያደርግ ነበር። ዘዴውን ያሻሻለ መስሎኝ ነበር።

«ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

«ተራራው ይወርዳል ወይ?»

«ተራራውን ታዥዋለሽ?»

«አላዝም።»

«እንግዲያው እሱን ተዪ።»

«መቼ እንውጣ?»

«አሁንም ልብሽ ተራራው ላይ ነው።»

ከኋላችን አንድ ነገር ተንከባለለ። ትንሽ ድንጋይ ነበር፤ የወጥ ቤቱን ጣራ መታ፣ ሸክላውን ሰበረ፣ ከዚያ ዝም። ሁለታችንም ሌላ ጠበቅን። ሌላ አልመጣም።

«ዛሬ ምን ላድርግ?» አልኩ።

«እሱ ጥያቄ ነው። ጮክ ብለሽ ድገሚውና ጀምሪ።»

ደገምኩት። አገዳዎቹን ከጨርቁ ላይ አፈስኩና ለሁለት ከፈልኳቸው። እጄ የሚሠራው ሌላ ነበር፤ ጆሮዬ የነበረው ሌላ ቦታ። አራት አራት እያደረግሁ ስቆጥር የማዳምጠው ገንዳው ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ነበር። ወፈረ? ቀጠነ? ጠዋት ከነበረው ተለየ? አባቴ ዓይኑን ከጣቶቼ ላይ አልነቀለም። ትራፊውን በቆጠርኩ ቁጥር ከንፈሩ ሊናገር ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። መስመር በወጣ ቁጥር ብሩሹን ቀለም ነክሮ ይሥላል። ሙሉዎቹ መስመሮች እንደ ትል ተጥመዘመዙ።

«ቀለሙ ቀጥኗል» አለ፣ ምንም ሳልለው።

ስድስተኛው ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ከታች አንድ የተቆረጠ፣ ከላይ አንድ የተቆረጠ፣ መሃሉን በሙሉ ሞልተው የተደራረቡ አራት ሙሉ መስመሮች። መጽሐፉን መክፈት አላስፈለገኝም፤ ቅርጹ ራሱ ይናገር ነበር። መሃሉ የከበደ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የሳሱ እንጨት። ሳላስበው ቀና ብዬ የጣራችንን ተሸካሚ አየሁ። አያቴ የጣለው እንጨት ነው። መሃሉ ጎብጧል። ዱሮም ጎባጣ ነበር? ማስታወስ አቃተኝ።

«ምን ይላል?»

«ከሚሸከመው በላይ ተጭኗል። መሄጃ ያለው ይሂድ ነው የሚለው።»

ተነሣሁ፤ ሁለቱን የዝናብ ልብሶች ከምስማሩ ላይ አወረድኩና አንዱን ትከሻው ላይ አደረግሁለት። ትከሻው አልተንቀሳቀሰም።

«አባዬ፣ ተነሣ።»

«ማን ነው የከፈለው?»

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ።

«የእኔ እጅ።»

«እንግዲያው መልሱ ያንቺ ነው። ጠየቅሽ፣ ተመለሰልሽ። ድልድዩ ሳይዘጋ ሂጂ።»

«እየቀለድክ ነው?»

«በአገዳ ቀልጄ አውቃለሁ?»

ያኔ የማውቀውን ሁሉ አወረድኩበት። አፈሩ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ፣ ቁልቁለቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከላይ ያለው የሻይ እርሻ ሲቆፈር የዛፎቹ ሥር እንዴት እንደተነቀለ፣ መስታወቷ ስትሰበር አንደኛው ስባሪ ለምን ዝቅ እንዳለ። እየጮኽኩ ነበር። አባቴ ደንበኛ እንደሚያዳምጥ አዳመጠኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ቆንጆ ተምረሻል። አሁን ሂጂ።»

እጄ ሥራ ፈትቶ መቆም አልቻለም። አገዳዎቹን ሰብስቤ ልጠቀልላቸው ጨርቁን ዘረጋሁ። የነሐሷን መደገፊያ ከላይ ልጥላት ሳነሣ ነው ያየሁት። ባዶ ነበረች።

ወለሉን አየሁ። ከጠረጴዛው ሥር አየሁ። ከዚያ ጣቶቼ አስታወሱ። በየመስመሩ መጀመሪያ በጣቶቼ መካከል የሚቀረው ወይ አምስት ወይ ዘጠኝ መሆን ነበረበት። የያዝኩት ግን ስድስት ነበር። ሁልጊዜም ስድስት። ያ ብቻውን የሚቀመጠው አገዳ ሳይለይ ከሌሎቹ ጋር ተቆጥሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የመጀመሪያውን ነገር በፍርሃት ረስቼዋለሁ። ቆጠራው ቆጠራ አልነበረም።

«አንዱን አልለየሁም» አልኩ።

አባቴ ወረቀቱን አስተካክሎ አስቀመጠው።

«አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ተራራውን ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነበር። አባቴ ስለ አንድ የተሳሳተ ትራፊ ደንበኛውን ከመንገድ መልሶ እንደገና የሚያስቆጥር ሰው ነው። ባለ ሥልጣን መጥቶ የሚፈልገውን መልስ እንዲነግረው ሲለምነው ሻይ አጠጥቶ የሸኘ ሰው ነው። ያ ሰው የማይረባ ቆጠራ ፊቱ ላይ ሲቆጠር እያየ፣ ምልክቱን ሥሎ፣ ፈትቶ ሰጠኝ። እኔን ከቤት ለማስወጣት። ይህን ካደረገ ተራራው እንደሚወርድ አይጠራጠርም ማለት ነው። ከእኔ ይልቅ እርግጠኛ ነው። አውቆ ሊቀመጥ ነው።

ከፊቱ ተቀመጥኩ።

«ለምን?» አልኩት።

«ከተማ ወስደሽ ምን ልታደርጊኝ ነው? አምስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ መኪና ልቁጠር?»

«እሱ አይደለም ምክንያቱ።»

«እናትሽም እዚህ ናት።»

«እናቴ ማዶ ነው የተቀበረችው። ሜዳው ላይ። አትዋሽ።»

ይህን ሲሰማ ሳቅ መጣበት፤ ግን ፊቱ ላይ ሳይደርስ ቀረ። እጁን ከጉያው አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርድ አልነበረም። ጣቶቹ የማይታይ ክር እንደሚፈትሉ ያለ ማቋረጥ ይርገፈገፋሉ። የአጥሚቱ ሳህን። የተጥመዘመዙት መስመሮች። ራሳቸው እንዲከፍሉ የተደረጉት ደንበኞች። ሁሉም በአንዴ መጣልኝ፤ ስንት ወር አጠገቡ ተቀምጬ ግድግዳ ስለካ እንደከረምኩ አሰብኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ክረምት። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ብቻ ነበር።» እጁን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ያየዋል። «አንድ አገዳ ልይዝ አስር እጥላለሁ። ይህ እጅ ከዚህ ቤት ቢወጣ የማነው? እዚህ እስካለሁ ሰው ዓይኔ ደክሞ ይመስለዋል። እዚያ ግን ሐኪም ያየዋል፤ አንቺ ታይዋለሽ፤ ማንኪያ የምታጎርሺኝ ሽማግሌ እሆናለሁ።»

የተማርኩት ነገር ለዚህ አይሆንም። ውሃው ከኋላ ይወርዳል፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የእጁ ጥፍሮች ጠረጴዛውን ሲነኩ ይሰማኝ ነበር።

«እኔ ፈርቻለሁ» አልኩት። ተራ ቃል ነው፤ ግን ለእሱ ብዬው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ቁጥር ነበር የምነግረው። «ከተመለስኩ ጀምሮ ፈርቼ ነው የምኖረው። እዚያም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ደግሞ ይህ ጣራ ላያችን ላይ እንዳይወርድ ፈርቻለሁ። አንተን ትቼ ግን አልሄድም። ይኸው ተቀመጥኩ።»

«ሹዪን፣ አትበጥብጪ። ሂጂ።»

«በምን መልስ ልሂድ? አገዳው እኮ አልተጠየቀም። አንዱ አልተለየም።»

«አንድ ነገር ሁለቴ አይጠየቅም።»

«አንድም ጊዜ አልተጠየቀም አልኩህ እኮ። አሁን አንተ ክፈል።»

«በዚህ እጅ?»

«እጅህ አይደለም እንዴ?»

ትክ ብሎ አየኝ። ፈርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለሌላው ሲቆጥር የኖረ ሰው ለራሱ የሚመጣውን መልስ ፈርቶ ነው ስንት ወር ሰማያዊውን ጨርቅ ለራሱ ሳይፈታ የከረመው። ግትር ያልኩት ፍርሃት ነበር፤ የእኔው ዓይነት።

አገዳዎቹን ገፋሁለት። በሚንቀጠቀጥ እጁ ከመካከላቸው አንዱን መዘዘ፤ ሁለት ጊዜ ጣለው፤ አላነሣሁለትም። በሦስተኛው ነሐሷ ላይ አጋደመው።

«ምን ልጠይቅ?» አለኝ።

«እሱን አንተ ነህ የምታውቀው።»

«ቤቱ ይቆማል ወይ?»

«ቤቱን ታዘዋለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ራሱ ለሰው ሁሉ የሚለውን ስመልስበት ትንሽ የተናደደ መሰለኝ። ዝናቡ ወፈረ። ከተራራው በኩል አንድ ዛፍ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ደረቅ ድምፅ፣ አሮጌ በር ሲከፈት ዓይነት። ጎትቼው ልሮጥ ፈለግሁ። ግን እየጎተትኩ ድልድዩን እንደማላሻግረው አውቅ ነበር፤ ከባድ ሰው ነው። በገዛ እግሩ ካልሄደ አይሄድም።

«በዚህ እጅ» አለ በመጨረሻ፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ፤ «በዚህ እጅ እንዴት ልኑር?»

«ጮክ ብለህ።»

ጮክ ብሎ ደገመው። እጁን አገዳዎቹ ላይ አሳረፈ፤ አገዳዎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ተንሿሹ። መክፈል ሲያቅተው መዳፌን ከመዳፉ በታች አስገባሁ። አልመራሁትም። ሸክሙን ብቻ ተቀበልኩ። በሁለታችን እጅ ለሁለት ተከፈሉ። ቆጠርኩ። በጣቶቹ መካከል የቀረው አምስት ነበር። እውነተኛ አምስት።

መጀመሪያው መስመር አዲስ ወረቀት ላይ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ብሩሹን እሱ ነው የያዘው፤ ተጥመዘመዘ፤ ስለ ቀለሙ ግን ምንም አላለም። ሦስተኛውን ሥሎ ሳይጨርስ ቀጥ አለ።

እኔም ቀጥ አልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የሆነ ነገር ጎድሏል። ዝናቡ አለ። ወንዙ ከታች አለ። ከወጥ ቤቱ ኋላ ግን ዝም ብሏል። አንድ ጠብታ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ቆየ። ሌላ ጠብታ። ከዚያ የለም።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ለእሱ ከአባቱ የሰማው ነው፤ ለእኔ ከመምህሬ። ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር፤ በዝናብ ወቅት ምንጭ የሚቆመው ተራራው ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ነው።

ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው። በርጩማው ተገልብጦ ወደቀ። በሚንቀጠቀጠው እጁ አንጓዬን ያዘኝ፤ እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም። «ተዪው» አለኝ፣ ወደ አገዳዎቹ እጄን ስዘረጋ። «ተዪው፣ ልጄ።» እኔ ወረቀቱን ብቻ ነጥቄ ጉያዬ ከተትኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም። የጭቃ ውሃ ከቤቶቹ መካከል ከጉልበት በታች እየገፋን ይወርዳል፤ ጠጠር ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። ወደ ኋላ ለማየት አልደፈርኩም፤ ካየሁ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እትዬ ሞ ገመዱን እያሰረች ነበር። ምንም ሳትናገር ፈታችው። ሳንቃው ከእግራችን በታች እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር። መሃል ላይ አባቴ ቆመ፤ እግሩ እምቢ አለው። ሰውነቱ በሙሉ እንደ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አልችልም» አለ።

«እኔም አልችልም» አልኩት። «ና።»

መጣ።

ማዶ ከደረስን በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳለን ነው የተሰማው። ነጎድጓድ መስሎኝ ሰማዩን አየሁ። እትዬ ሞ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ዞሬ አላየሁም። አባቴ ግን ዞሮ አየ፤ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ አየ።

«ወጥ ቤቱ ሄደ» አለ። «ተሸካሚው እንጨት ግን ቆሟል። ጎባጣው።»

ውስጥ ገብተን ፍራሹ ላይ ተቀመጥን። ባለ ቶፉው ከፍላስኩ ሻይ ቀዳለት። አባቴ ኩባያውን ተቀበለና ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ጉያው ውስጥ ሳይደብቅ ወደ አፉ ወሰደው። ግማሹ ፈሰሰ።

«ጋሼ ቹ፣ ፍራሼን ሊያጠምቁት ነው?» አለ ባለ ቶፉው።

«እጄ ነው» አለ አባቴ። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ላለ ሁሉ የሚሰማ ነበር። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንዲህ ነው። ሙሉ አትቅዳልኝ።»

ባለ ቶፉው አንዴ እጁን፣ አንዴ እኔን አየ። «ለእኔ ነዋ የሚሻለው» አለ። «ግማሽ ግማሽ ከቀዳሁ ፍላስኩ እስከ ነገ ይቆየኛል።»

እትዬ ሞ እርጥብ ፀጉሯን እየጨመቀች መጣችና አጠገባችን ቁጢጥ አለች። «እህ፣ አገዳው ምን አለ?»

«አልጨረስነውም» አለ አባቴ።

ወረቀቱን ከጉያዬ አወጣሁ። ዝናብ ነክቶት ቀለሙ ተሰራጭቷል፤ ግን ከታች ያሉት ሦስት መስመሮች ይነበባሉ። ከላያቸው ለሦስት የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። እንዴት ልኑር ብሎ ለጠየቀ ሰው ግማሽ መልስ ነው። ያን ጥያቄ ባይጠይቅ ኖሮ ውሃው ሲቆም ይነሣ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። አላውቅም።

ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና አየው። ወረቀቱ ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ገና ነው» አለኝ። አጣጥፎ መለሰልኝና ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ባለ ቶፉው ወደ እኔ ዞሮ በቅሬታ ቅንድቡን አነሣ።

እኔ ግን ዓይኔን መክደን አልቻልኩም። ወንዙ እየጮኸ፣ ሰዉ እያወራ፣ ጆሮዬ ከዚያ ሁሉ መካከል ገንዳው ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ይፈልግ ነበር። የአባቴ ቀኝ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበረች፤ በእንቅልፉም አላረፈችም። እጄን ከላይዋ አደረግሁና ዝናቡን ማዳመጤን ቀጠልኩ።